ድረ ገጹን ከፈትኩ እንበል፣ ሰው ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦

«ጋሼ እንደምን ነዎት? የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ ነው፣ ቤታችን ሄርማታ አካባቢ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በርጩማና የጅማ ወንበር ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። እኔ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ፣ ሥራ የለኝም ማለት ይቻላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ ከፍቼ የአባቴን ሥራዎችና የጅማን ፎቶዎች እለጥፍ ነበር፣ 11 ሺህ ተከታይ ደርሼ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ገጹ ተዘግቷል። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ ብጽፍም መልስ የለም። አሁን ማንም የማይዘጋብኝ የራሴን ድረ ገጽ ልክፈት ብያለሁ። ስለ ጅማ ሁሉም ነገር የሚጻፍበት፦ ታሪክ፣ ቡና፣ ምግብ፣ ዜና፣ ቱሪዝም፣ የአባቴም ወንበሮች። አንድ ልጅ በ45 ሺህ ብር እሠራልሻለሁ አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ‹ምን በወጣሽ! ቤት ያለችውን አሮጌ ኮምፒውተር በነፃ ሰርቨር እናደርጋታለን› ይላል። ጎብኚም በገንዘብ ይገዛል ብሎኛል፣ 10 ሺህ ሰው በትንሽ ብር። ማንን ልስማ? ዋናው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው፤ ድረ ገጹን ከፈትኩ እንበል፣ ሰው ከየት ይመጣል?

የበርጩማ ሠሪው ልጅ»

መልስ፦

እህቴ፣ በቅደም ተከተል ልመልስልሽ ብዬ ነበር። ግን ወንድምሽ ይህን ሳያነብ ኮምፒውተሯን ሰክቶ እንዳይጠብቅሽ ፈራሁ። መጀመሪያ እሷን ከጠረጴዛው እናውርዳት።

በነገሩ ልጁ አልተሳሳተም። ሰርቨር ተአምር አይደለም፤ ሳይጠፋ ውሎ የሚያድር፣ ኢንተርኔት ላይ የተሰካ፣ ሰው ሲጠይቀው ገጹን የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። ችግሩ «ሳይጠፋ» የምትለዋ ላይ ነው። ግልገል ጊቤ አንድን የሚያህል 184 ሜጋዋት ጣቢያ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ቤታችን መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ አንቺው ታውቂዋለሽ። መብራት ጠፋ ማለት ድረ ገጽሽም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ያውም ወንበር የሚገዛሽ ሰው ዳላስ ቁጭ ብሎ፣ እዚህ ሁላችንም ተኝተን ሳለ ነው ገጽሽን የሚከፍተው። በዚያ ላይ የቤት ኢንተርኔት አድራሻ፣ አይፒ የሚሉት ቁጥር፣ ይቀያየራል። ኢንተርኔቱ ከሲም ካርድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ የጋራ አድራሻ ስለሚወጣ፣ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የትኛው በር የአንቺ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለም። መላ ይገኝለታል፣ አዎ። ግን አንቺ የፈለግሽው ወንበር መሸጥና መጻፍ ነው እንጂ ሌሊት ተነስቶ ኬብል መነካካት አይደለም። ኮምፒውተሯን ለመጻፊያና ለፎቶ ማስተካከያ ተጠቀሙባት። ለዚያ ትበቃለች።

ስለዚህ ቦታ ትከራያለሽ። ሆስቲንግ የሚባለው እሱ ነው፣ መብራት የማይጠፋበት ሰው ጋ ጥግ መከራየት በይው። ለጀማሪ ትልቅ ነገር አያስፈልግም፤ በወር ጥቂት ዶላር የሚያስከፍለው ትንሹ ዓይነት ይበቃሻል። ዶሜይን፣ ማለትም ስሙ፣ ዶት ኮም ከሆነ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ወርድፕረስ ይሁን። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ በነፃ ይወርዳል፣ የዓለምን ድረ ገጾች ትልቅ ድርሻ የተሸከመው እሱ ነው። ስትጠይቂ ግን ተጠንቀቂ። በወርድፕረስ ስም ሁለት ነገር አለ፦ አንዱ እነሱ ራሳቸው ጋ የምትከፍቺው አገልግሎት ነው፣ ሌላው አውርደሽ በተከራየሽው ቦታ የምትጭኚው። የማወራልሽ ስለ ሁለተኛው ነው። አብዛኞቹ አከራዮች በአንድ ቁልፍ ይጭኑልሻል።

45 ሺህ ስላለሽ ልጅ ክፉ አልናገርም። የእጅ ሥራ ነው፣ ይከፈልበታል፣ የአባትሽም እንጀራ ከእጅ ሥራ ነው። ግን ለምኑ እንደሆነ በዝርዝር ጠይቂው። ዲዛይን ነው? የስንት ዓመት ኪራይ አለበት? ፎቶ ያነሳልሻል? «ኤስኤስኤል» ብሎ፣ ገጹና ጎብኚው የሚለዋወጡት በመንገድ እንዳይነበብ የሚቆልፈውን ምስክር ወረቀት ለብቻ ካስከፈለሽ አትክፈይ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል፣ አብዛኛው አከራይም በራሱ ያድስልሻል። እኔን ብትጠይቂኝ መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪው። ሁለት ቅዳሜ ቢፈጅብሽ ነው። ካልሆነልሽ ያኔ ልጁን ጥሪው፣ ቢያንስ የምትከፍዪበትን ታውቂዋለሽ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሌላውን ብትረሺ እንኳ እሷን አትርሺ። ዶሜይኑ በአንቺ ስምና በአንቺ ኢሜይል ይመዝገብ። እዚሁ ከተማ የማውቀው አንድ ነጋዴ አለ፣ ድረ ገጹን አንድ ጎበዝ ልጅ ሠራለት፣ ደስ የሚል ነበር፣ የቢዝነስ ካርዱ ላይ ሳይቀር አሳተመው። ልጁ ዶሜይኑን የመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነበር፣ ለክፋት አይደለም፣ ስለቀለለው ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ሄደ፣ ኢሜይሉንም ተወው። ዓመቱ ሞላ። «አድስ» የሚለው ማሳሰቢያ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ገባ። ዶት ኮም ጊዜው ቢያልፍም ወዲያው አይወሰድም፣ መጀመሪያ የችሮታ ጊዜ አለ፣ ከዚያም ወደድ ባለ ዋጋ የምታስመልሺበት 30 ቀን አለ። ሰውዬው ሲነቃ ይሄም ያም አልፏል። አሁን በዚያ ስም የሚከፈተው የቁማር ማስታወቂያ ነው። ካርዱ ግን አሁንም ሱቁ ላይ ይታደላል።

«ማንም የማይዘጋብኝ» ላልሺውም መልሱ እዚሁ ነው። አከራይሽ ነገ ሊያስወጣሽ ይችላል፣ ሊከስርም ይችላል። ግን ዶሜይኑ የአንቺ ከሆነና የገጹ ቅጂ እጅሽ ላይ ካለ፣ ሌላ ቦታ ተከራይተሽ በዚያው ስም ትከፍቺዋለሽ። ሰው መቀየርሽን እንኳ አያውቅም። በተዘጋው ገጽሽ ላይ 11 ሺህ ሰው ነበረሽ፣ ይዘሽ የወጣሽው ግን አንድም የለም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ዶት ኢቲ ወይስ ዶት ኮም? ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ የአገር ስም ስላለው ደስ ይላል። እኔ ግን ለአንቺ ዶት ኮም እላለሁ፣ ከአንዱ መዝጋቢ ወደ ሌላው ማዛወር ስለሚቀል። ስሙን ከመግዛትሽ በፊት ለአክስትሽ በስልክ ንገሪያት። ሳትደግሚላት በትክክል ከጻፈችው ስም ነው። ጅማ በላቲን ሲጻፍ አንዱ በአንድ ኤም ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፣ እሱንም አስቢበት። ክፍያው የውጭ ካርድ ከጠየቀሽ በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አከራዮች አሉ። ውጭ ያለ ዘመድም ሊከፍልልሽ ይችላል። ግን ካርዱ የሱ ቢሆንም ስሙ የአንቺ፣ ኢሜይሉ የአንቺ። እየደጋገምኩት ነው፣ አውቃለሁ።

ገጹ ከተተከለ በኋላ መጀመሪያ የምታዪያትን አንዲት ሳጥን ደግሞ ከራሴ ኃፍረት ልንገርሽ። የመጀመሪያ ብሎጌን ስከፍት ሦስት ወር ሙሉ ጻፍኩ። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰለሽ፣ በየሳምንቱ ሁለት! የመጣ ሰው የለም። ጎግልን ረገምኩ፣ አንባቢን ረገምኩ፣ «አማርኛ የሚያነብ ትውልድ ጠፋ» ብዬ ቡና ላይ ስንት ንግግር አደረግኩ። በኋላ አንድ ተማሪ መጥቶ የወርድፕረስን ማስተካከያ ከፈተ፣ «ንባብ» የሚለው ክፍል ውስጥ ገባ፣ ከታች ያለችውን አንዲት ምልክት አሳየኝ። «የፍለጋ ሞተሮች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ ይከልከሉ» ትላለች፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት ተደርጎባታል። ስጭነው እኔው ነኝ ያደረግኳት፣ ገጹ እስኪያልቅ ሰው እንዳያይብኝ ብዬ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ እንግዳ አልመጣም ብዬ ስማረር ነበር። አንቺ ከመጀመሪያው ቀን እያት።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ሰው ከየት ይመጣል?

«ስለ ጅማ ሁሉም ነገር» ብለሽ ከጻፍሽ ከየትም አይመጣም። ላስቀይምሽ አይደለም። ሰው ስልኩን አውጥቶ «ስለ ጅማ ሁሉም ነገር» ብሎ አይፈልግም። የሚፈልገው የሆነ ነገር ሲቸግረው ነው። አንዷ ሚኒሶታ ሳሎኗ ውስጥ ያለው የጅማ ወንበር ሲሰነጠቅባት «የጅማ ወንበር ለምን ይሰነጠቃል» ትላለች። ሌላው ለሠርግ ስጦታ ሊገዛ ፈልጎ «የጅማ በርጩማ ዋጋ» ይላል። እነዚህ ሰዎች አሁን ምን ያገኛሉ? ራስሽ ፈልጊና እይው። አንድ ፎቶ፣ ሁለት ቪዲዮ፣ አንድ «ዋጋ በኢንቦክስ»። አንቺ ደግሞ መልሱን የሚያውቅ ሰው ጓሮሽ ውስጥ መጥረቢያ ይዞ ቁጭ ብሏል።

ይህን የሰንጣቃ ነገር እንደ ምሳሌ ልውሰደው፣ እኔም ቤት አንድ ስላለ ያንገበግበኛል። እንጨት ውሃ ጠጥቶ የኖረ ነገር ነው፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አናጢ የገጣጠመው ወንበር ሲኮማተር ትንሽ የሚንቀሳቀስበት መገጣጠሚያ አለው። የጅማ ወንበር ግን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ መሸሻ የለውም፣ ስለዚህ ይቀደዳል። በተለይ የእንጨቱ ጭራ፣ የተቆረጠበት ፊት፣ ከጎኑ ቀድሞ ስለሚደርቅ ሰንጣቃው ከዚያ ይጀምራል። ጅማ ዝናቡ ብዙ፣ አየሩ እርጥብ ነው። ወንበሩ እዚህ በደንብ ሳይደርቅ ተጠርቦ፣ በሻንጣ ተጭኖ ክረምቱን ማሞቂያ ሲነድበት ወደሚከርም ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቢው። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። አባትሽ ግን ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን ሜዳ ላይ፣ ጭራው ላይ ምን እንደሚቀባ፣ ዋንዛና ሌላው እንጨት በምን እንደሚለያይ፣ የተሰነጠቀው እንዴት እንደሚዳን ያውቃል። ይህ አንድ ጽሑፍ ነው። ይህን ጽሑፍ በዓለም ላይ ከአንቺ ቤት ውጪ የሚጽፈው ሰው ብዙ አይደለም።

እንዲህ እያልሽ ቁጠሪ። ከአንድ ግንድ የወጣውን ከተገጣጠመው እንዴት ይለያል? ባለ ሦስት እግሩ ለምን ሦስት ሆነ፣ ወለሉ ወጣ ገባ ሲሆን ምን ይጠቅማል? አንዱን ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጃል? በአውሮፕላን ሲሄድ ምን ላይ ይጠቀለላል፣ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ዋጋው ለምን ይህን ያህል ሆነ? ዋጋውን ደግሞ ጻፊው፣ በግልጽ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ እዚያው የተዘጋው ገጽ ላይ ተይው። ዋጋ ያላየ ሰው የሚጠይቅ እንዳይመስልሽ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።

አባትሽን በስልክሽ እየቀረጽሽ እንዲያወራ አድርጊ። «ጻፍልኝ» አትበዪው፣ «ይሄን እንዴት ነው የምታደርገው» በይው፣ እየጠረበ ያወራል። በኦሮምኛ የሚያወራ ከሆነ የመሣሪያዎቹን ስም እንዳለ አስቀምጪው፣ አትተርጉሚው። በርጩማ ራሱ በኦሮምኛም ባርጩማ አይደል? እንዲያውም ውሎ አድሮ የተወሰኑ ገጾችን በአፋን ኦሮሞ ብትጽፊ የዚህ አካባቢ ሰው ወደ አንቺ የሚመጣበት ሌላ በር ይከፈታል። ለውጭ ሰብሳቢዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ገጽ ይኑርሽ፤ የጅማ ወንበርን እንደ አፍሪካ ጥበብ ዕቃ የሚሸጡና የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ ሠሪውን የሚያውቁት ግን እንጃ።

ታሪክ አትጻፊ አላልኩም። ግን ዳግማዊ አባ ጅፋር መቼ ነገሡ መቼ አረፉ የሚለውን ስንቱ ገልብጦታል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ.፣ ይኸው እኔም ገለበጥኩት። ያልተጻፈው ሌላው ነው። ከመናኸሪያ ወርዶ ጂሬን ቤተ መንግሥቱ ድረስ በምን ይኬዳል? ባጃጅ ይወጣል? ክረምት ሲሆን መንገዱስ? ፎቶ ማንሳት ይቻላል? የአባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉበት ሙዚየም እሑድ ክፍት ነው? ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የሚመጣ ሰው፣ ወሊሶን ወልቂጤን አልፎ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ ሶኮሩ ሲደርስ የሚፈልገው ይህንን ነው። አንቺ ደግሞ ሄደሽ በሩን አንኳኩተሽ ጠይቀሽ መጻፍ ትችያለሽ፣ አዲስ አበባ ያለው ገልባጭ አይችልም። ቱሪስቱም ጂሬንን አይቶ ሲመለስ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ፣ አባትሽ ወርክሾፕ።

ዜና ግን ተይ። ዜና ጠዋት ተጽፎ ማታ ያረጃል። የሰንጣቃው ጽሑፍ የዛሬ ሦስት ዓመትም ሰው ያመጣልሻል።

የፊደሉ ነገር ደግሞ የእኛ ብቻ ጣጣ ነው፣ እንግሊዝኛ መማሪያዎች ላይ አታገኚውም። ከተማችንን አንዱ «ጅማ» ሌላው «ጂማ» ብሎ ይጽፋታል። «ሠራ» እና «ሰራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽን የተለያየ ፊደል ነው። ጎግል አንዳንዴ ያመሳስላቸዋል፣ አንዳንዴ አይደለም። አንዱን መርጠሽ በርዕስሽ ላይ ሁልጊዜ ያዢ፣ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አንዴ በሚያምር ቦታ ጣል አድርጊው። «ወንበር» የሚለውንም «በርጩማ» የሚለውንም ተጠቀሚ፣ ሰው በሁለቱም ይፈልጋልና። ግን አንድ ቃል በየመስመሩ እየደጋገሙ ጎግልን ማታለል የዱሮ ብልሃት ነው፣ አሁን አይሠራም፣ ለማንበብም ያስጠላል።

ሊንክሽንም በላቲን ፊደል አድርጊው፣ አጭር። አማርኛ ርዕስ ስትሰጪ ወርድፕረስ አድራሻውንም በአማርኛ ያደርገዋል፣ ሲታይ ያምራል። ቴሌግራም ላይ ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊው ግን እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይፈነዳል፣ የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የተዘበራረቀበት ባቡር ይሆናል። «ጅማ» ብቻዋን 18 ምልክት ትሆናለች። ወርድፕረስ ለአድራሻው ከ200 ምልክት በላይ ስለማይዝ ደግሞ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል። ሰው እንዲህ ያለ ሊንክ ሲያይ ቫይረስ ይመስለዋል፣ አይፈረድበትም።

ፎቶ። ስልክሽ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ስምንት ስትለጥፊ 32 ሜጋ ሆነ። ዳታ በካርድ የሚሞላ ሰው ወንበር ለማየት ይህን አይከፍልም። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርጂና ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት አስቀምጪው፣ ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆንልሻል፣ በዓይን ልዩነቱ አይታይም። ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚያሳየውን በቃል ጻፊበት። የፋይሉን ስም ሳይቀር ቀይሪው፣ በቁጥር ብቻ የተጠራ ፎቶ ለጎግል ምኑም አይደል። ስትጨርሺ ገጹን በርካሽ ስልክ፣ ዋይፋይ በሌለበት፣ መንቲና ሰፈር ቆመሽ ክፈቺው። ቡና አዝዘሽ ቡናው ቀድሞ ከመጣ ገጽሽ ከብዷል።

ጎግል እስኪያውቅሽ ድረስ ሰው የምታመጪው በእግርሽ ነው። የቴሌግራም ቻናል ክፈቺ፣ ግን ጽሑፉን ሙሉ እዚያ አትለጥፊ፣ አለዚያ ሌላ የኪራይ ቤት እየሠራሽ ነው። የሚጠቅም አንድ ነገር ስጪ፣ የቀረውን በሊንክ። «ሊንኩን ይጫኑ አስደንጋጭ ነገር ያያሉ» አትበዪ፣ አንዴ ይሠራል። የድሮ ተከታዮችሽ የሚገኙበት ቦታ ካለም አዲሱን አድራሻ ንገሪያቸው። ከዚያ የአባትሽን ወርክሾፕ ጎግል ካርታ ላይ አስመዝግቢ። በነፃ ነው፣ ቦታው እውነት መኖሩን ለማረጋገጥ ቪዲዮ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ጅማ መጥቶ «የእጅ ሥራ» ብሎ የሚፈልግ እንግዳ ቀጥታ እናንተ በር ላይ ይመጣል። ወረቀት ላይም ሥሪ፤ ከእያንዳንዱ ወንበር ሥር አድራሻሽን የያዘች ትንሽ ካርድ ለጥፊ። ወንበሩ ቶሮንቶ ይደርሳል፣ ካርዱም አብሮት።

ጎግል ሰርች ኮንሶል የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ገጽሽ የአንቺ መሆኑን ታረጋግጪበታለሽ፣ ሳይትማፕ፣ ማለትም የገጾችሽን ዝርዝር፣ ትሰጪዋለሽ፣ ወርድፕረስ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳይትማፑን ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። ጥቅሙ ግን ከመመዝገቡ አይደለም። ሰዎች ምን ብለው ጽፈው አንቺ ጋ እንደመጡ ቃል በቃል ያሳይሻል። እሱን በየሁለት ሳምንቱ እያነበብሽ ከሆነ የምትጽፊው አያልቅብሽም። ለምሳሌ ሰው «የጅማ ወንበር ለሕፃን» ብሎ ፈልጎ ወደ ሌላ ጽሑፍሽ ከገባ፣ አባትሽ ለሕፃን የሚሆን ጠርቦ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው፣ ቀጣዩ ጽሑፍ ተገኘ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ያሳፍራል። ከሚታዩት ሃያ ጎብኚዎች ግማሹ አንቺ ነሽ፣ የቀረው ወንድምሽ ነው። እኔ በስድስት ወር ውስጥ 25 ጥሩ ጽሑፍ ብትጽፊ ይሻላል እላለሁ፣ በአንድ ወር 25 ከመጻፍና ከመሰልቸት።

ስለሚገዛው 10 ሺህ ጎብኚ፣ ወንድምሽን እንዲህ በይው፦ ከ10 ሺው አንዱ እንኳ ወንበር ይገዛል? ሰው አይደሉም፣ ፕሮግራም ናቸው፤ ገብተው ይወጣሉ። ቁጥሩ ያብጣል፣ አንቺም ማን እንደመጣ ማየት ያቅትሻል። ማስታወቂያ ለጥፈሽ ከሆነ ደግሞ የማስታወቂያ አካውንትሽን ሊያዘጋብሽ ይችላል። ሌላ የሚዘጋ ነገር አልበቃሽም?

የማስታወቂያ ገቢ ራሱ ለጊዜው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገጽሽ ላይ ማስታወቂያ አስቀምጦ የሚከፍለው የጎግል አድሴንስ ክፍያ 100 ዶላር እስኪሞላ አይላክም፣ የሚቀበሏቸው ቋንቋዎችም ዝርዝር አላቸው፣ ከመድከምሽ በፊት ዝርዝሩን እይ። አንድ ወንበር መሸጥ ከብዙ ሺህ ጎብኚ ማስታወቂያ ይበልጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ ስልክ ቁጥር፣ ቴሌግራም፣ በቴሌብር መክፈል እንደሚቻል፣ ዕቃው ወደ አዲስ አበባ በምን እንደሚላክ ይኑር። ለዚህ ብቻ ብለሽ የሽያጭ ሶፍትዌር አትጫኚ፣ በወር አምስት ወንበር ለሚሸጥ ቤት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ደኅንነቱን በአጭሩ። ቴም የሚሉትን የገጹን ልብስ ከወርድፕረስ ከራሱ ማውጫ ውሰጂ። «የተከፈለበት ነው፣ በነፃ ልስጥሽ» ብሎ በፍላሽ የሚያዞርልሽን አትንኪ፣ ውስጡ ምን እንደተቀበረ አታውቂም። ፕለጊን፣ ማለትም ወርድፕረስ ላይ የሚጨመር ቅጥያ፣ አምስት ስድስት ይበቃል። አፕዴት ሲልሽ አድርጊ። የመግቢያ ስምሽ «አድሚን» አይሁን። በወር አንዴ ባክአፕ፣ ያቺን የገጹን ቅጂ፣ አውርደሽ አንዱን ፍላሽ ላይ አንዱን ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጪ።

አንድ የግል ጉዳይ ልጨምር። እኔ ቤት ያለው በርጩማ ከአማቴ የመጣ ነው፣ ከመቀመጫው ወደ አንዱ እግር የሚወርድ ጣት የሚያስገባ ሰንጣቃ አለው። ባለቤቴ በገመድ አስራዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ከኋላ እንደብቀዋለን። ባለፈው ስለ እሱ ጎግል ላይ ፈልጌ ያገኘሁት የቁም ሣጥን ማስታወቂያ ነው። አባትሽ ምን እንዳሉ የምትጽፊበት ቀን ሊንኩን ላኪልኝ። እስከዚያ ገመዱን አልፈታውም።